ስለ ሽልማት ሜዳይና ስለ ክፉ ቀን

በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሐፍ ስለ ባዕድ አገር ሜዳይ መጻፌ ከስፍራው የወጣ ነገር እንዳይመስላችሁ እለምናለሁ። ሜዳዩ የእርሻ ሽልማት ነውና፤ የእርሻውም ነገር ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ገበሬ ደጅ ይደርሳልና።

በ1884 ዓ.ም. ኅዳር 6 ቀን፣ እኛ ቍስቋምን በምናከብርበት ዕለት፣ የኢጣልያ ንጉሥ ኡምቤርቶ ከንግሥቲቱ ከማርጌሪታ ጋራ በሲሲልያ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ ታላቅ ትርኢት ከፈተ። ይኸውም ፈረንጆች ኤክስፖዚሲዮን የሚሉት ነው። የእርሻ ፍሬና የፋብሪካ ሥራ ተሰብስቦ ይታያል፤ ዳኞችም መርምረው ለበለጠው የወርቅ፣ የብር ወይም የነሐስ ሜዳይ ይሰጣሉ። ኢጣልያ በ1882 ዓ.ም. የያዘችውን አገር ኤርትራ ብላ ሰይማ ነበርና፣ በዚሁ ትርኢት ለኤርትራ የተለየ ስፍራ ተሰጣት። የሐበሻ መንደር የተባለ ጎጆ ተሠርቶ፣ የአገራችን ሰው እንደ እህሉና እንደ ቆዳው ለተመልካች ቀረበ።

ያ ዓመት በእኛ ዘንድ ምን ዓመት ነበር? አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ዘመን ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በ1880 ዓ.ም. ጣልያኖች ለሠራዊታቸው በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ የከብት እልቂት ገባ። በሽታው ከምጽዋ ተነሥቶ ትግሬን፣ ወሎንና ሸዋን አዳረሰ። በሬው ባለቀ ጊዜ ሞፈርና ቀንበር በየማጀቱ ተሰቅሎ ቀረ፤ ዘር ያለው ሰው እንኳ የሚያርስበት አጣ። የበቀለውንም አንበጣና ተምች በላው። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ አስተማሩ፤ ለዚህ ሜዳይ የሰጣቸው የለም። ረኃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። እንግዲህ በፓሌርሞ የእርሻ ሽልማት ሲታደል በወሎ አራሹም በሬውም በመቃብር ነበሩ። በቅኔ ቤት ሰም ወርቁን ይሸፍናል፤ በዚህ ሜዳይ ግን ሸፋኙ ወርቁ ሆነ።

ጣልያኖች ከአርባ ዓመት በኋላ ሁለተኛ መጡ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ደቡብ ወርደው፣ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገቡ፤ ከአሥመራ አዲስ አበባ የሚወስደውንም መንገድ በወልድያና በመርሳ በኩል አሳለፉት። ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ ለማርያም ዕለት፣ ሙሶሊኒ ግዛቱን ኢምፓየር ብሎ አወጀ። የዚህን መታሰቢያ አስቦ ግንቦት 1 ቀን 1932 ዓ.ም. በናፖሊ ከተማ ከፓሌርሞው የሚበልጥ የባሕር ማዶ ግዛት ትርኢት ተከፈተ። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማልያ ሰዎች ዳግመኛ ተወስደው ቀረቡ።

ትርኢቱ ግን አንድ ወር ብቻ ቆየ። ሰኔ 3 ቀን ኢጣልያ ወደ ዓለም ጦርነት ገባችና ተዘጋ፤ የተወሰዱትም ሰዎች መመለሻ አጥተው እዚያው ቀሩ። በ1935 ዓ.ም. ማርኬ በሚባለው አውራጃ ወደ ትሬያ አዛወሯቸው። በሚከተለው ዓመት መጀመሪያ ከእነርሱ አንዳንዶቹ አምልጠው ወደ ሳን ቪቺኖ ተራራ ወጡ፤ በዚያም ፋሺስቶችንና ጀርመኖችን ከሚወጉ የኢጣልያ አርበኞች ጋራ ተሰለፉ። ከእነዚህ አንዱ ካርሎ አባ መጋል የተባለ ኢትዮጵያዊ ነበር። በኅዳር 1936 ዓ.ም. በውጊያ ወደቀ፤ ያረፈውም በሳን ሰቬሪኖ ማርኬ መቃብር ነው።