ፉሺያ በውርጭ አገር የከረመበት ታሪክ

ፉሺያ በብዙ አንባቢ ዘንድ ከአበባነቱ ይልቅ በቀለም ስምነቱ የሚታወቅ ሲሆን፣ ቀለሙ ስሙን የወሰደበት ቁጥቋጦ ግን በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ተራሮች፣ በካሪቢያን ደሴቶች፣ እንዲሁም በኒውዚላንድና በታሂቲ የሚበቅል፣ ከ100 በላይ የዱር ዝርያዎች ያሉት የዕፅዋት ወገን ነው። አበባው ከቀጭን አገዳ ላይ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ሴፓል የሚባሉትና በሌሎች አበቦች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ሆነው የሚታዩት አራት የውጭ ሽፋኖች በፉሺያ ላይ ደማቅ ቀለም ይዘው ወደ ላይ ሲገለበጡ፣ ከሥራቸው መልካበቦቹ እንደ ቀሚስ ተሰብስበው ይታያሉ። ይህ አቀማመጥ ሃሚንግበርድ ለምትባለው፣ በአየር ላይ እያንዣበበች ወለላ ለምትቀስመው ትንሽ የአሜሪካ ወፍ የተመቸ ነው። በአውሮፓ የፉሺያን ዕድል ሲወስን የኖረው ግን ውሃ የሚያረጋው ውርጭ በመጣ ቁጥር ተክሉ የት ይክረም የሚለው ጥያቄ ነው፤ የመጠለያው ዓይነት በተለወጠ ቁጥር አብቃዮቹም፣ የሚወደዱት ዝርያዎችም አብረው ተለውጠዋል።

አበባው በአውሮፓ መጀመሪያ የታወቀው በወረቀት ላይ ነበር። ፈረንሳዊው መነኩሴና የዕፅዋት ተመራማሪ ሻርል ፕሉሚዬ፣ ዛሬ ሃይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሚጋሯት በሂስፓኒዮላ ደሴት ላይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ያገኘውን ቁጥቋጦ በ1703 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሲገልጽ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ለነበረውና በ1542 ታላቅ የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ላሳተመው ጀርመናዊ ሐኪም ለሌዎንሃርት ፉክስ መታሰቢያ እንዲሆን ፉሺያ አለው። ፉክስ የሞተው በ1566 በመሆኑ በስሙ የተጠራውን አበባ አላየም። ፕሉሚዬ የገለጸው ዝርያ ራሱ ወደ አውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ነው።

ሕያው ፉሺያ በ1788 ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው ንጉሣዊ የአትክልት ስፍራ የደረሰው ካፒቴን ፈርዝ በተባለ መርከበኛ እጅ እንደሆነ የአትክልት ስፍራው መዝገብ ያመለክታል። በዚያው ዘመን በሃመርስሚዝ የችግኝ ማፍያ የነበረው ጄምስ ሊ የተባለ ነጋዴ ተክሉን አባዝቶ መሸጥ ጀመረ። ሊ ተክሉን ከየት እንዳገኘው በኋላ የተወራው ታሪክ የታወቀ ነው፤ በለንደን የወደብ ሰፈር በዋፒንግ፣ በአንዲት የመርከበኛ ሚስት መስኮት ላይ አይቶት፣ ባሏ ከባሕር ማዶ ያመጣላትን ስጦታ አልሸጥም ብትለውም በ8 ጊኒ (ጊኒ 21 ሽልንግ የሚያወጣ ገንዘብ ነበር) አግባብቶ ወስዶ፣ ቅርንጫፎቹን እየቆረጠ በመትከል 300 ችግኝ አድርጎ እያንዳንዱን በ1 ጊኒ ቸበቸበው ይባላል። ታሪኩ በጽሑፍ የወጣው ሊ ከሞተ ከበርካታ ዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ ቁጥሮቹም ለነጋዴ ዝና እጅግ የተመቹ በመሆናቸው፣ እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ሆኖም አንድ ነገር በትክክል ይዟል። ባለሙያዎቹ ተክሉ ከደቡብ አሜሪካ መምጣቱን ብቻ አይተው በምድጃ በሚሞቅ የመስታወት ቤት ሲያፍኑት፣ በድሀ ቤት መስኮት ላይ ግን ያለዚያ ሁሉ ወጪ መኖር ይችል ነበር። በዚያ ላይ ፉሺያ ኮክሲኒያ የተባለው የብራዚል ዝርያ ፉሺያ ማጄላኒካ ከተባለው ሌላ ዝርያ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲምታታ ኖሯል፤ ይህ ሁለተኛው ከቺሊና ከአርጀንቲና እስከ ደቡብ ጫፍ ድረስ፣ ነፋስና ብርድ በማይለይበት ምድር የሚበቅል ነው።

የመስታወት ቤት የባለጸጎች ብቻ መሆኑ የቀረው በብሪታንያ የመስታወት ግብር በ1845 ከተሻረ በኋላ ነው። መስታወት ሲረክስ፣ በከሰል የሚሞቅ ውሃ በቧንቧ እያዞሩ ቤቱን ማሞቅም ሲለመድ፣ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሳይቀር በግቢው ትንሽ የመስታወት ክፍል መሥራት ያዘ። ለማዳቀል ሥራ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ቀድሞ ተሰናድቶ ነበር፤ በ1830ዎቹ ከሜክሲኮ የመጣው ረጅም ቱቦ ያለው ፉሺያ ፉልጀንስ ከቀደሙት ጋር ተዳቅሎ ነበርና። በኬንት የአንድ ቄስ አትክልተኛ የነበረው ጉሊቨር ነጭ ሴፓል ያለውን ቬነስ ቪክትሪክስን በ1840 ገደማ ሲያስገኝ ገበያው ተሯሯጠ፤ ፈረንሳዊው ፌሊክስ ፖርሸ በ1844 ባሳተመው መጽሐፍም ወደ 300 የሚጠጉ ዓይነቶች ተዘርዝረዋል። በዊልትሸር የሠራው ጄምስ ላይ የተባለ አትክልተኛ ደግሞ ፉሺያን ከ2 ሜትር በላይ ከፍ ባለ የፒራሚድ ቅርጽ እያሳደገ ለውድድር ያቀርብ ነበር። እንዲህ ያለ ቅርጽ በአንድ ወቅት አይሠራም፤ ጫፉ እየተቀነጠሰ፣ ቅርንጫፉ እየታሰረ ለዓመታት የሚገነባ በመሆኑ በአንዲት የውርጭ ሌሊት የሞተ ተክል የብዙ ዓመት ድካም ይዞ ይሄዳል።

የመስታወት ቤት የሌለው አብቃይ የሚተማመነው በምድር ቤቱ ነበር። ውርጭ ከመግባቱ በፊት የአበባ ማሰሮው ወደ ቤት ይገባል፣ ለስላሳው ጫፍ ይቆረጣል፣ የቀረው ቅጠልም እንዳይሻግት ይራገፋል፤ ከዚያ ተክሉ ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ እንዲያንቀላፋ ይተዋል። ቅጠል ስለሌለው ብርሃን አይሻም፤ አፈሩ ግን ጨርሶ መድረቅ የለበትም፣ ደረቅ ሥር ይሞታልና፣ ውሃ ከበዛም ይበሰብሳል። ልምድ ያለው ሰው ማሰሮውን አንስቶ በክብደቱ የአፈሩን እርጥበት ይገምታል፤ ተክሉ በሕይወት መኖሩንም ግንዱን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ይመረምራል፣ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከታየ አለ፣ ቡናማ ከሆነ ደርቋል። ክፍሉ ከሚገባው በላይ ከሞቀ ተክሉ ያለጊዜው ነቅቶ በጨለማ ውስጥ ነጣ ያለ ቀጫጫ ቀንበጥ ያወጣል፤ ብዙ ፉሺያ የሚጠፋው ከብርዱ ይልቅ በዚህ የቸኮለ ንቃት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምድር ቤት ያልነበራቸው ደግሞ ጉድጓድ ቆፍረው ተክሉን ያጋድሙና በገለባና በአፈር ይሸፍኑት ነበር።

ከጊዜ በኋላ አንዳንዱ ዓይነት መጠለያ ጭራሽ እንደማያስፈልገው ተረጋገጠ። በኤደንብራ አጠገብ በሪካርተን በ1830 ገደማ የተገኘው ሪካርቶኒ የተባለው ዓይነት፣ የባሕር ጅረት አየሩን በሚያለዝብበት በምዕራብ አየርላንድ የአጥር ተክል ሆኖ፣ በኮርክና በኬሪ መንገዶች ዳር እንደ አገሬው ቁጥቋጦ ለምዶ ቀርቷል። ውርጭ በሚጠናበት ስፍራ የላይኛው ግንድ ይሞታል፤ ሥሩ ጠለቅ ብሎ ከተተከለና በዐመድ ወይም በደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ ከተሸፈነ ግን ከአፈር በታች ካሉት እንቡጦች እንደገና ያቆጠቁጣል። የሞተው ግንድም ጸደይ ሳይገባ አይቆረጥም፣ ከሥሩ ላለው እንቡጥ መከለያ ይሆነዋልና።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የከሰል እጥረት በመከሰቱና የመስታወት ቤቶች ለምግብ ሰብል በመዋላቸው በብሪታንያ የተሰበሰቡ ብዙ ዝርያዎች ጠፉ። ፉሺያ ያንሠራራው ውርጭ ብርቅ በሆነበት በካሊፎርኒያ ጠረፍ ነው፤ በ1929 የአሜሪካ የፉሺያ ማኅበር ተመሠረተ፣ የብሪታንያው በ1938 ተከተለ። የካሊፎርኒያ አዳቃዮች ለክረምት ስለማይጨነቁ ትላልቅና ድርብርብ አበባ ያላቸውን ለስላሳ ዓይነቶች አወጡ፤ እነዚህም ወደ አውሮፓ ሲሻገሩ የምድር ቤቱን ልማድ እንደ አዲስ አስፈላጊ አደረጉት። በ1981 ግን በዚያው በካሊፎርኒያ፣ መነሻዋ ደቡብ አሜሪካ የሆነችና በዓይን የማትለይ ማይት የምትባል ተባይ ታየች፤ ቀንበጡን እያሳበጠችና እያጣመመች አበባ ትከለክለዋለች። በ2007 በእንግሊዝም ተገኝታለች። ውርጩን የምታልፈው በእንቡጦቹ ሽፋን ሥር ተደብቃ በመሆኑ፣ ተክሉን በጥንቃቄ የሚያከርም ሰው ተባይዋንም አብሮ ሊያከርም ይችላል፤ ስለዚህ የታመመው ቀንበጥ ወደ ምድር ቤት ከመግባቱ በፊት ተቆርጦ ይቃጠላል።