ጨቅላውን ለማጠብ ማን ነው የሚቸኩለው?

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ቲቸር፣ የምወልድበት ቀን ደርሷል። እናቴ ልጁ እንደተወለደ ይታጠባል ትላለች፣ አዋላጇ ደግሞ ቢያንስ አንድ ቀን ጠብቂ አለችኝ። ማንን ልስማ?» እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። አዋላጇን ስሚ አልኳት። ግን ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም። ምክንያቱም በእናትና በአዋላጅ መካከል ያለው ይህ ክርክር የትናንት አይደለም፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 16 አንዲት የተጣለች ጨቅላ አለች። ማንም እንዳላዘነላት ለማሳየት ከተጠቀሱት ነገሮች መካከል በውኃ አለመታጠቧና በጨው አለመታሸቷ ይገኙበታል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ልጅን ማጠብና ጨው መቀባት የመወደድ ምልክት ነበር ማለት ነው። ግሪኮች ዘንድ ስንሄድ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ፕሉታርክ እንደጻፈው የስፓርታ ሴቶች ጨቅላን የሚያጥቡት በውኃ ሳይሆን በወይን ጠጅ ነበር፤ ሕመምተኛው ይንፈራገጣል፣ ጤነኛው ይጠነክራል ብለው። ፈተና ነው እንግዲህ! ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ፈተና። አሪስቶትልም ቢሆን አንዳንድ ሕዝቦች ጨቅላን ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ እንደሚነክሩ ጠቅሶ፣ ልጅን ከትንሽነቱ ብርድ ማለማመድ ደግ ነው ባይ ነበር።

«ተዉ!» ያለው በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሮም ውስጥ ይሠራ የነበረው የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኖስ ነው። የቀዝቃዛ ውኃውን ልማድ ተቃወመ። ብርዱን ተቋቁሞ የተረፈ ልጅ አልተጎዳም ማለት እንዳልሆነም አስረዳ። እሱ ራሱ ግን ጨቅላውን ደቃቅ ጨው ነስንሶ በለብ ያለ ውኃ ማጠብን ይመክር ነበር። ብርዱን አስቀረ፣ ችኮላውን አላስቀረም።

ለመሆኑ የሚታጠበው ምንድን ነው? ልጅ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ፣ አይብ መሰል ቅባት ነዋ። በአገራችን ብዙ ቦታ ይህ ነገር እናቲቱ በእርግዝናዋ ወቅት ከበላችው ወይም ከጠጣችው የመጣ ነው ይባላል። ወተት አትጠጪ፣ ልጁ ላይ ይለጠፋል የተባለች ነፍሰ ጡር ስንቷ ናት! (እዚህ ላይ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ እናትየውም ወተቱ ይቀርባታል፣ ልጁም ቅባቱ ይታጠብበታል።) እውነቱ ግን ቅባቱን የሚሠራው የጽንሱ የራሱ ቆዳ ነው። ውስጡ ጀርም የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፣ ቆዳውንም ከድርቀት ይጠብቃል። ቆሻሻ አይደለም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሙቀት ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም። ያለው በትከሻውና በአንገቱ አካባቢ የተቀመጠ፣ እየነደደ ሙቀት የሚሰጥ ቡናማ ስብ ነው፤ እሱም ቶሎ ያልቃል። ውኃው የቱንም ያህል ቢሞቅ፣ ልጁ ከውኃው ሲወጣ እርጥበቱ እየተነነ ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ቡዲን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ቀዝቅዘው ከመጡት ደካማ ጨቅላዎች በሕይወት የሚተርፉት ሙቀታቸው ከተጠበቀው እጅግ ያነሱ መሆናቸውን በቁጥር አሳይቷል።

ታዲያ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ይህንን እያወቀ መታጠቡን ማቆም ሲገባው ጭራሽ አባሰው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በየሆስፒታሉ የጨቅላ ክፍሎች ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ተዛመተ። መፍትሔ የተባለው ሄክሳክሎሮፊን የተባለ ኬሚካል ባለበት ሳሙና ጨቅላዎችን በየቀኑ ማጠብ ነበር። ባክቴሪያው ቀነሰ፤ ሁሉም ደስ አለው። ኋላ ግን ኬሚካሉ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ እንደሚገባና የእንስሳትን አንጎል እንደሚጎዳ ታወቀ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1971 ጨቅላን በዚህ ማጠብ ይቅር ብሎ አስጠነቀቀ። በዓመቱ በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ ታልክ ሞርሃንዥ የተባለ የሕፃናት ዱቄት በፋብሪካ ስህተት ከልክ ያለፈ ሄክሳክሎሮፊን ተቀላቅሎበት ገበያ ወጣና 36 ልጆች ሞቱ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ንጽሕና የሚለው ቃል ሌላ መልክ ይይዝብኛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1974 ጨቅላን ደረቅ አድርጎ መያዝን መከረ፤ ደሙን ጥረጉ፣ ቅባቱን ተዉት ነው ነገሩ።

እሱም አልቆየም። በ1980ዎቹ ኤችአይቪ ሲመጣ የጤና ባለሙያ ያልታጠበ ጨቅላ የሚይዘው ጓንት አድርጎ ሆነ። ጓንቱ ቶሎ እንዲወልቅ ልጁ ቶሎ መታጠብ አለበት። እንግዲህ የማንን ምቾት ነው የምንጠብቀው? የባለሙያውን ፍርሃት አልነቅፍም፤ ግን የዚያ ዘመን ችኮላ የልጁ እንዳልነበረ መናገር ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ ማስረጃው ተጠራቅሟል። ኡጋንዳ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የታጠቡ ልጆች፣ ከእናታቸው ገላ ጋር ቆዳ ለቆዳ ተለጥፈው እንኳ፣ ካልታጠቡት ይልቅ እንደሚቀዘቅዙ አሳየ። በ2019 ደግሞ ኦሃዮ ያለ አንድ ሆስፒታል መታጠቡን ቢያንስ 12 ሰዓት ሲያዘገይ፣ እዚያው ሳሉ ጡት ብቻ የሚጠቡ ልጆች ድርሻ ከ59.8 ወደ 68.2 በመቶ ከፍ አለ። ይኼኛው በፊትና በኋላ የተነጻጸረ ስለሆነ ብቻውን ብዙ አያስምልም፤ የሙቀቱ ማስረጃ ግን ጠንካራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ያወጣው ምክር 24 ሰዓት ጠብቁ፣ ባህሉ ግድ ካለ ቢያንስ 6 ሰዓት የሚል ነበር። በ2022ም 24 ሰዓቱን ደገመው።

በእኛ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በመጀመሪያው ቀን ማጠብ አሁንም የተለመደ ነው። ለአያቶቻችን ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ቤቱን ዘግተው፣ እሳት አንድደው፣ አራሷንም ልጁንም ከነፋስ ከልለው ነው የሚያጥቡት፤ ስለ ብርድ የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። ደግሞ ውኃ ማስጠበቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለክርስትናው ወንዱን 40፣ ሴቷን 80 ቀን እናስጠብቅ የለ እንዴ?

እስቲ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ። በእናንተ አካባቢ ልጅ በተወለደ በስንተኛው ሰዓት ይታጠብ ነበር? ማን ነበር የሚያጥበው? ነጩን ቅባትስ ምን ብለው ይጠሩታል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ወረዳውንም አትርሱ።