ጉልቻ ሲለወጥ
(የማገዶ፣ የግብርና የድጎማ ታሪክ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ሲታይ)

የቡሬ ስም በታሪክ መጽሐፍ ሲነሣ የሚነሣው የ1933 ዓ.ም. የየካቲት ውጊያ ነው። ጣሊያን ምሽጉን ለቅቆ ወጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ደብረ ማርቆስ አለፉ፤ አበቃ። ያን ሁሉ ጦር ያበሉ ሴቶች በምን እሳት ጋገሩ ብሎ የጠየቀ ጸሐፊ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ ግን አይደለም። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው የሚያልቀው በእንጀራ ምጣድ ሥር ነው። እንጨት ከሌለ እንጀራ የለም፤ እንጨቱን የሚሸከም ጀርባ ደግሞ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ እዚህ ላይ የምጽፈው ስለ እሳት ዋጋ ነው፤ ማን ከፈለ? መንግሥትስ ለማን ከፈለለት?

ነገሩን ከሸዋ መጀመር ግድ ይላል። በእንጦጦና በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፍጭፎ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ በዚሁ በእንጨት እጦት ምክንያት በ1893 ዓ.ም. ግድም ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። አዲስ አበባን ያዳናት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ያስመጣው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ አማካሪ መሆኑ በብዙዎች ይነገራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ዛፉ ሳይሆን ዘዴው ነው። ንጉሡ ችግኙን በርካሽ አደሉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ደግሞ ከግብር ነፃ አደረጉ። ይኸውም «ትከል» ብሎ ከማዘዝ ይልቅ «ብትተክል ይቀርልሃል» ማለት ነው። አሜሪካ በቤቱ ላይ የፀሐይ ኃይል ለሚያስገባና ቤቱ ሙቀት እንዳያፈስ ለሚያስጠግን ዜጋ ከገቢ ግብሩ የምትቀንስበትን ሕግ ያወጣችው በእኛ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ነው። የእኛው ንጉሥ ሰማንያ ዓመት ገደማ ቀድመዋል ብል ማጋነን ይሆንብኝ ይሆን? አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ማበረታቻ ከተሰጠ በኋላ መመለሻው ቀላል አይደለም። ባሕር ዛፉ ምንጭ ያደርቃል፣ መሬት ያመነምናል ተባለና በ1905 ዓ.ም. አካባቢ ከሦስቱ ሁለቱ ይነቀል የሚል ትእዛዝ ወጣ። ማን ሰምቶ! ሰው አንዴ ገንዘቡን ያየበትን ዛፍ በአዋጅ አይነቅልም። ዛፉም ቀስ እያለ ዐባይን ተሻግሮ ወደኛ መጣ፤ ዛሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ መንገድ ዳር ከበቆሎው ቀጥሎ የሚታየው እሱው ነው።

ታዲያ ያ የግብር ዘዴ በጊዜው ጎጃም ላይ ይሠራ ነበርን? በበኩሌ አይመስለኝም። ከግብር ነፃ የሚሆነውን መሬት ለማወቅ መሬቱን መለካት ያስፈልጋል፤ የጎጃም ባለ ርስት ደግሞ ከምንም ነገር በላይ የሚፈራው የመለኪያውን ገመድ ነበር። ቀላድ ከተጣለ ርስቱ ሊሄድ ነው ማለት ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የሆነውን ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ ያወሩታል፤ ገማቾቹ ማሳ ሳይረግጡ ተመለሱ፣ ገበሬው ጠመንጃውን አነሣ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ተላከበት፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። እንዲህ ባለ አገር «ግብር እንቀንስልሃለን» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «መጀመሪያ ለምን ልትለካኝ መጣህ?» ተብሎ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ርስቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዛፍ በዘመቻ ተተከለ፤ የማኅበር ዛፍ፣ የሁሉም ዛፍ፤ ስለዚህም የማንም ዛፍ ያልሆነ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከዚያ ደን ብዙው በአንድ ሰሞን ምሳር አለቀ። የተከለው ሕዝብ ነው፤ የቆረጠውም ያው ሕዝብ ነው። ምን ይደረግ፣ የእኔ ብሎ አልያዘውማ።

ከተሜው በበኩሉ ድጎማ አላጣም። ላምባ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ኪሣራ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ የነዳጅ ድጎማው ሲነሣ ዋጋው ናረ። በዚያው ዓመት መብራት በፈረቃ ሲሆን የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ ኃይል ቆጣቢውን በነፃ ማደል ጀመረ። የኤሌክትሪክ ሒሳብም እንዲሁ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል እንኳ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት በ27.3 ሳንቲም እንዲቀር ተደርጎ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይጎትታል ብንል በ50 ኪሎዋት ሰዓት ዐሥራ አራት ሰዓት ይጋገራል፤ ዋጋው በዚያ ታሪፍ ዐሥራ አራት ብር አይሞላም ነበር። ደግ ነገር ነው። ግን ይህን ድጎማ የሚያገኘው ቈጣሪ ያለው ብቻ ነው። ከላህ ወንዝ ማዶ ጭራሮ ለቅማ የምትመለሰው እናቴ ቈጣሪ የላትም፤ ለሸክሟ የደጎማትም የለም።

ለገጠሩ መጀመሪያ የመጣው ምርጥ ምጣድ ነው። በ1980ዎቹ በአገር ውስጥ ባለሙያዎች የተሠራ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚቀረጽ፣ ምጣዱን ዙሪያውን አቅፎ እሳቱን የማያባክን ምድጃ ነው፤ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የከሰሏ እኅቱ ላቀች ትባላለች። የሚገርመው፣ የምርጥ ምጣድ ሰዎች ምድጃውን በነፃ ማደል አልወደዱም፤ ሠሪዎችን አሠልጥነው ሰው ገዝቶ ይጠቀም አሉ። በነፃ የተሰጠ ምድጃ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል የሚል ሥጋት ነበራቸው፤ አልተሳሳቱም። ግን ገንዘብ በማድቤት በኩል አይገባም እኮ! በሬ ለመግዛት የሚበደር አባወራ ለምድጃ ሲባል «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አይጣፍጥም» ብሎ ያልፋል።

ከሁሉ ሰፊው ሙከራ የባዮጋዙ ነው። እርግጥ ባዮጋዝ ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም፤ አምቦ እርሻ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ግድም ሞክሮታል። በ2001 ዓ.ም. ግን በሆላንዶች ርዳታ ብሔራዊ ፕሮግራም ሆኖ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ተጀመረ። ንድፉ ከኔፓል መጥቶ በእኛው ቋንቋ «ስንዱ» ተባለ። እበትና ውኃ እኩል ተቦክቶ ከመሬት በታች ወደ ተሠራ ጉልላት ይገባል፤ እዚያ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ወደ ምድጃውና ወደ መብራቱ ይሄዳል፤ ዝቃጩ ደግሞ ማሳ ያለማል። ኩበት አድርገን ስናነደው የምናጣውን ማዳበሪያ እሳቱንም ወስደን መልሰን እናገኘዋለን ማለት ነው። ከወጪው አንዱን ክፍል ፕሮግራሙ ይሸፍናል፤ ገበሬው ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ጉልበቱን ያዋጣል፤ ለጎደለው እንደ አብቁተ ያሉ (አብቁተ ኋላ ጸደይ ባንክ ሆኗል) ያበድራሉ። በመጀመሪያው አምስት ዓመት 14,000 ታቅዶ የተሠራው ከ8,000 ጥቂት ፈቀቅ ያለ ነው።

ለምን ጎደለ? አንዱን ምክንያት በዓይኔ አይቻለሁ። ጎረቤታችን በበጋ ጉድጓዱን ቆፍረው ጨረሱ፤ ሲሚንቶ ግን በአገሩ ጠፋ። ክረምት ገባ፤ ጉድጓዱ ውኃ ሞላ፤ ልጆች «የጋሼ ኩሬ» እያልን ድንጋይ ወረወርንበት። በሁለተኛው ዓመት ተሠርቶ ሲያበቃ ሠፈሩ ሁሉ እሳቱን ለማየት መጣ። ሰማያዊ ነው፣ ጭስ የለውም። ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን፤ ሽሮውም በዚያው ተሠራ። ከዚያ እናቴ ጠየቀቻቸው፦

«እትዬ፣ እንጀራውስ?»

«እሱማ ያው ጉልቻው ላይ ነው እንጂ። ይህ ምጣድ አያግልም።»

ዋናው የማገዶ በላተኛ ሳይነካ ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይብሳል። ለባዮጋዝ ቢያንስ አራት ከብትና ቅርብ ውኃ ያስፈልጋል። ባለ አራት ከብት ገበሬ በእኛ ቀበሌ ድኻ አይደለም። እኛ አንዲት ላምና አንድ በሬ ነበሩን፤ የልማት ሠራተኛው ደጃችን ደርሶ በረቱን አየና «እናንተ አትሞሉም» ብሎ ሄደ። በሰውዬው አልፈርድም፤ ሕጉ ነው፤ እበቱም አይበቃም ነበር። ግን ድጎማ ሁልጊዜ ላለው ሰው ይደርሳል ቢባል ያስቈጣልን?

ያለ ድጎማ የሆነም አለ። ከቡሬ በኮሶ በር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ በሚሉት ግራር ሸፈነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ዘርቶ በአራትና በአምስት ዓመቱ ከሰል አክስሎ ለአዲስ አበባ ይሸጣል። ማንም ግብር አልቀነሰለትም፤ ገበያው ጠራው፣ ሄደ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዋግ መሳይ በሽታ ዛፉን መታው። ሁሉን በአንድ ዛፍ ላይ ለጣለ ገበሬ ድንጋጤው ምን ያህል እንደሆነ መንገደኛም ይረዳዋል።

ወደ እናቴ ልመለስ። ምርጥ ምጣድ እቤታችን የገባው በመንግሥትም በባንክም አይደለም። ዐሥራ ሁለት የመንደር ሴቶች የምጣድ ዕቁብ ጣሉ፤ በወር አንድ ምጣድ። የእናቴ ዕጣ ስምንተኛ ወጣ። አባቴ ተረቱን ሲተርትባት «ወጡስ አልጣፈጠም፤ ዓይኔ ግን ማልቀሱን ትቷል» አለችው። ሦስቱ ድንጋዮች አልተጣሉም፤ ማድቤቱ ጥግ ተደርድረዋል፤ ለበዓል አረቄ ስታወጣ አሁንም በእነሱ ላይ ነው የምትጥደው።