ባዶ የተባለው ጭነት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር የጽሑፍን ክብር ያስተምራል። ነገር ግን በጽሑፍ የሚወረሰው እውነት ብቻ አይደለም፤ ስሕተትም ይወረሳል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ግንቦት 3 ቀን 1988 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996) በአሜሪካ አገር፣ በፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ የወደቀው የቫሉጄት ኩባንያ አይሮፕላን ታሪክ ነው።

በማያሚ ከተማ ሴብርቴክ የተባለው የጥገና ድርጅት ከኩባንያው አይሮፕላኖች ላይ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን የኦክሲጅን ማመንጫዎች ፈታ። ይህ መሣሪያ ቅመሙ በተቀሰቀሰ ጊዜ ለመንገደኞች መተንፈሻ የሚሆን ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ቆርቆሮውም እጅግ ይግላል። ስለዚህ በመቀስቀሻው ላይ መከላከያ ክዳን ሊደረግበት ይገባ ነበር። ክዳኑ ግን አልተደረገም፤ ይሁን እንጂ ሥራው እንደ ተፈጸመ ተቆጥሮ በወረቀቱ ላይ ተፈረመ።

ማመንጫዎቹ በአምስት ካርቶን ታሽገው ወደ አትላንታ እንዲላኩ ሲወሰን፣ የመላኪያው ወረቀት «የኦክሲጅን ጣሳ፣ ባዶ» ብሎ መዘገባቸው። የጭነት ሠራተኛው ወረቀቱን ለረዳት አብራሪው አሳየው። በኋላ እንደ ተመሰከረው፣ ሁለቱ የተነጋገሩት ስለ ጭነቱ ክብደት ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ስለ ሠፈረው ቃል አልተነጋገሩም። ኩባንያው ግን አደገኛ ዕቃ እንዲጭን ፈቃድ አልነበረውም።

ካርቶኖቹ ከአይሮፕላን ጎማዎች ጋር በፊተኛው ዕቃ ቤት ተጫኑ። ዕቃ ቤቱ የጢስ ማስጠንቀቂያም ሆነ የእሳት ማጥፊያ አልነበረውም፤ እሳት ቢነሣ አየር አጥቶ ይጠፋል ተብሎ ታስቦ ነበርና። ዳሩ ግን ጭነቱ ራሱ ለእሳቱ ኦክሲጅን መጋቢ ሆነ። አይሮፕላኑ በተነሣ በዐሥር ደቂቃ ያህል ውስጥ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 110 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። በ1966 ዓ.ም. ናይትሪክ አሲድ የጫነ የፓን አሜሪካን የጭነት አይሮፕላን በቦስተን ወድቆ ሦስት ሠራተኞች ሞተው ነበር። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለ አደገኛ ጭነት ደንብ አጽድቋል፤ በዚህም ደንብ አብራሪው ስለ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት በጽሑፍ ይነገረዋል። ነገር ግን ይህ ማስታወቂያ የሚጻፈው ላኪው «አደገኛ ነው» ብሎ ሲያስታውቅ ነው። ላኪው «ባዶ» ካለ ማስታወቂያው ከቶ አይወለድም፤ አብራሪውም የሚጠይቀው ነገር ያለ አይመስለውም።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመጨረሻው ሰው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ እያንዳንዱ ተቀባይ የፊተኛውን አመነ እንጂ ዕቃውን አላየም። በዚያው ዓመት ማመንጫዎቹ በመንገደኛ አይሮፕላን በጭነትነት እንዳይሄዱ ታገደ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብም እንደዚያ ያሉት ዕቃ ቤቶች ጢስ ጠቋሚና እሳት ማጥፊያ እንዲኖራቸው ታዘዘ።

ፊርማ ምስክርነት ነው። በቢሮም ሆነ በአይሮፕላን ማረፊያ፣ ያላየውን አየሁ ብሎ የሚፈርም ሰው፣ ከእሱ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ዓይናቸውን ይጋርዳል።