የሞቱ ስፍራ፤ «ኢኪሩ» የተባለው የፊልም ድርሰት አጻጻፍ ታሪክ

የፊልም ድርሰት ተጽፎ ካለቀ በኋላ ልብ አይነካም የተባለ እንደ ሆነ በሙያችን የተለመደው መድኀኒት መጨመር ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጥቂት ተጨማሪ እንባ እንዲያፈስ ይደረጋል፤ ንግግሩ ይረዝማል፤ ይህም አልበቃ ካለ ሙዚቃ ይታዘዝለታል። አኪራ ኩሮሳዋ ያዘጋጀው፣ በ1952 ጃፓን ውስጥ ለሕዝብ የታየው «ኢኪሩ» (ትርጓሜው «መኖር» ማለት ነው) የተጻፈበት ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። የድርሰቱን መልክ የወሰነው ትልቁ ለውጥ የአንድን ሰው ሞት ከተለመደ ስፍራው፣ ማለትም ከመጨረሻው፣ አንሥቶ ወደ ታሪኩ መካከል ማምጣት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩሮሳዋ ለወጣቱ ደራሲ ለሺኖቡ ሐሺሞቶ የሰጠው መነሻ ሐሳብ ከአንድ መስመር አያልፍም ነበር፤ ለመሞት 75 ቀን ብቻ የቀረው ሰው። ከሐሳቡ በስተጀርባ የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» እንደ ነበረ ይታወቃል። ሐሺሞቶ በ1918 የተወለደ፣ በውትድርና ሳለ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በተኛበት ዘመን ወደ ፊልም ድርሰት ያዘነበለ ሰው ነው። ከዚህ ቀደም ከኩሮሳዋ ጋር የጻፈው «ራሾሞን» በ1951 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተቀዳጅቷል። ያ ድርሰት በመጀመሪያ አጭር ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በፈረሰው በር ሥር ከዝናብ የተጠለሉት ሰዎች ታሪክ ታክሎበት ነው ለፊልም የበቃው። ስለዚህ መጨመር ሁልጊዜ ከንቱ ነው ለማለት አይቻልም።

በ«ኢኪሩ» ጊዜ ሦስተኛ ሰው መጣ፤ በ1904 የተወለደው ሂዴዎ ኦጉኒ፣ ከሁለቱም በዕድሜ የሚበልጥ። ሐሺሞቶ በ2006 ባሳተመው ማስታወሻው እንደ ገለጸው፣ የኦጉኒ ዋና ሥራ ሌሎቹ የጻፉትን እያነበበ መፍረድ ነበር። ሰውየው በታሪኩ መካከል ይሙት የሚለው ሐሳብ የመነጨው ከእርሱ ነው። ርእሱን ወደ «ኢኪሩ» የለወጠው ኩሮሳዋ ሲሆን፣ ሐሺሞቶ የመኩራራት ጠባይ አየበት፤ ኦጉኒ ግን ደገፈው። በዥዋዥዌው ትዕይንት የሚዘፈነውን የ1915 ዘፈን ኩሮሳዋ መጀመሪያውን ብቻ አስታወሰ፤ የቀረውን ለማግኘት ካረፉበት ቤት የእንግዳ ተቀባዮች በዕድሜ አንጋፋዋን መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ድርሰቱ የካቲት 5 ቀን 1952 ተፈጸመ።

ፊልሙ የሚጀምረው በጨጓራ የራጅ ሥዕል ነው። የማዘጋጃ ቤት ክፍል ሹም የሆነው ካንጂ ዋታናቤ ገና ሳያውቀው፣ ካንሰር እንደ ያዘው ተመልካች ያውቃል። ሰፈራቸው ውስጥ የተኛው የቆሻሻ ውኃ ተደፍኖ ለልጆች መጫወቻ ይሁንልን የሚሉ እናቶች ከቢሮ ወደ ቢሮ ተንከራትተው ወደ መጀመሪያው ጠረጴዛ ይመለሳሉ። ዋታናቤ ሕመሙን ከተረዳ በኋላ ለልጁ ለመንገር ይቃጣል፤ አይሆንለትም። በመጠጥ ቤት መጽናናትን ይፈልጋል፤ ቀጥሎም ከማዘጋጃ ቤቱ ለቅቃ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ውስጥ በተቀጠረች ቶዮ በተባለች ወጣት። ምን መሥራት እንደሚችል የተገለጠለት ከእርስዋ ጋር በተቀመጠበት ምግብ ቤት ነው፤ ደረጃውን ሲወርድ ወጣቶች ለሌላ ሰው የልደት መዝሙር ይዘምራሉ። ወደ ቢሮው ይመለሳል። ወዲያውም ተራኪው ዋታናቤ ከአምስት ወር በኋላ መሞቱን ይነግረናል።

ከ143 ደቂቃው የሚቀረው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ አብዛኛውም የሚያልፈው በለቅሶ ቤት ነው። ሥርዓቱ ከእኛ አገር ድንኳን ቢለይም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሟች ያወጋ ሁሉ የወሬውን አካሄድ ያውቀዋል፤ በመጀመሪያ ይሉኝታ፣ ቀጥሎ ክርክር፣ መጠጡ ሲበረታ እውነት። ምክትል ከንቲባው የመናፈሻውን ምስጋና ለራሱ ይወስዳል። እናቶቹ ገብተው ሲያለቅሱ የሚናገረው ይጠፋውና ይሄዳል። ሹማምንቱ ዋታናቤ ምን እንደ ነካው፣ ሕመሙን ያውቅ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይከራከራሉ። ልጁ አባቱ ቢያውቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር ብሎ ያምናል።

የለውጡ ኀይል ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ተመልካች ስለ ሕመሙ ያውቃል እንጂ ሰውየው ምን እንደ ሠራ አላየም፤ ሹማምንቱ ሥራውን አይተዋል እንጂ ምክንያቱን አያውቁም። ልብ የሚነካው ሁለቱ የዕውቀት ግማሾች በሰካራሞች ወሬ ውስጥ ሲገናኙ ነው። ታሪኩ በቅደም ተከተል ቢሄድ ኖሮ፣ አንድ ደግ ሽማግሌ ደጅ እየጠና መናፈሻ ሲያሠራ እናይና እናዝንለት ነበር፤ የሚመረመረውም እርሱ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ግን የሚመረመሩት ሕያዋኑ ናቸው። ሰክረው መሐላ የገቡት ሹማምንት በማግሥቱ አቤቱታ ሲመጣ እንደ ጥንቱ ወደ ሌላ ክፍል ይመሩታል፤ ከመካከላቸው አንዱ ተቆጥቶ ይነሣል፣ ተመልሶም ከወረቀት ክምር ጀርባ ይቀመጣል።

አዲሱ ቅርጽ ዋጋ አስከፍሏል። ለቅሶው ረዝሟል የሚል ተመልካች አይጠፋም፤ አልፎ አልፎም እውነት አለው። ቶዮም ያን ሁሉ ከቀሰቀሰች በኋላ ከታሪኩ ወጥታ ትቀራለች፤ ለቅሶው ላይ እንኳ የለችም። ይህ ክፍተት ካዙዎ ኢሺጉሮንም ያሳሰበው ይመስላል። በ2022 በወጣው «ሊቪንግ» ውስጥ ታሪኩን ወደ 1950ዎቹ ለንደን አዛውሮ እንደገና ሲጽፈው፣ ወጣቷን ቀብሩ ላይ አምጥቶ ከሟቹ ልጅ ጋር አነጋገራት፤ የሹማምንቱንም ክርክር በባቡር ክፍል ውስጥ አሳጠረው። ፊልሙ 102 ደቂቃ ሆነ፤ ድርሰቱም ለኦስካር ታጨ። የሞቱን ስፍራ ግን አልነካውም።

ኢሺጉሮ አንድ ደብዳቤም ጨምሯል፤ ሟቹ ለአንድ ወጣት ባልደረባው የተወለት። ደብዳቤው ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ ሰውየው ያሰበውን በራሱ አንደበት ይነግረናል። ዋታናቤ እንዲህ ያለ ቃል አልተወም። በበረዶ መካከል በዥዋዥዌ ላይ ሆኖ ሲዘፍን ያየው አንድ ፖሊስ ነበር፤ እርሱም ሰካራም መስሎት አለፈው። ከመናፈሻው ያገኘውን ባርኔጣ ይዞ ለቅሶ ቤት የመጣው ይኸው ፖሊስ ነው።