ቀጭን ድምፅና ጤነኛ ጆሮ

ጤነኛ የሚባል ጆሮ እስከ ምን ድረስ ይሰማል? ይህን ጥያቄ ቀድመው ካነሡት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ዊሊያም ወላስተን ነው። በ1820 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባወጣው ጥናት፣ ምንም የጆሮ ሕመም የሌለባቸው አንዳንድ ሰዎች የሌሊት ወፍን ጩኸት ከቶ እንደማይሰሙ አስረዳ። ሰው ያልሰማውን ድምፅ እንደሌለ ስለሚቈጥረው ጉድለቱን በራሱ ሊደርስበት አይችልም።

ለምርመራው ስሙ የገነነው መሣሪያ በ1876 ዓ.ም. የፍራንሲስ ጋልተን ሥራ ሆኖ ወጣ። ይኸውም ትንሽ ፊሽካ ነው፤ በብሎን የሚገፋው መድፈኛ ቧንቧውን ባሳጠረው መጠን ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ጋልተን ፊሽካውን በከዘራው ላይ ገጥሞ በሎንዶን የአራዊት መጠበቂያ እየዞረ እንስሶቹን ፈተነ፤ ከሁሉ ድመቶች በለጡ። ሰዎችንም በሰበሰበ ጊዜ፣ ልጆቹ ጥርት አድርገው የሚሰሙትን ድምፅ ሽማግሌዎቹ አልሰሙትም፤ ጆሮአችን ደኅና ነው ባዮቹም ተቈጡ። (ሰውን በደረጃ መመደብ የሚወደው ይህ ሊቅ «ዩጀኒክስ» የተባለውን ጎጂ ትምህርት የመሠረተ መሆኑ አይዘነጋም።)

የፊሽካው ድካም ግን ግልጥ ነው፤ የአየሩ ግፊት ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል። ስለዚህ በ1920ዎቹ ዓመታት የኤሌክትሪክ መለኪያው ኦዲዮሜትር ተተካ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የወጣት ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ድምፅ ሲሰማ፣ የተለመደው የሐኪም ምርመራ 8,000 ላይ ያበቃል። በዕድሜ የሚመጣው ጉድለት ደግሞ የሚጀምረው ከላይ፣ ከቀጭኑ ወገን ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ «ጤነኛ» ተብሎ የተጻፈ ጆሮ ብዙ ያጣ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ሳሙኤል ሮዘንና ባልደረቦቹ ይህን ወሰን አልፈው ሄዱ። በ1962 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት፣ ያን ጊዜ በሱዳን፣ ዛሬ በደቡብ ሱዳን ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ስለሚኖሩት ስለ ማባን ሰዎች ነበረ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ከ8,000 በላይ ያለውን መርምረው፣ የማባን ሽማግሌዎች ከከተማ እኩዮቻቸው ይልቅ ቀጭኑን ድምፅ እንደሚሰሙ ገለጡ። ሮዘን ምክንያቱን በአገሩ ጸጥታ ብቻ አልወሰነውም፤ የደም ሥር ጤንነትንም ጨመረበት። ይሁን እንጂ «እኩያ» የሚለው ቃል ክርክር አስነሥቷል። የሽማግሌዎቹ የልደት ዘመን በጽሑፍ ስላልነበረ ዕድሜያቸው የተያዘው በግምት ነው፤ ተቺዎችም ነቀፋቸውን ያሳረፉት በድምፁ ልክ ላይ ብቻ ሳይሆን በዓመቱም ቍጥር ላይ ነው።