ሃሮልድ ዋግስታፍ፤ የጎደለ ቡድን አምበል

የአምበል ዋጋ የሚለየው ሰው ሲሞላለት ሳይሆን ሲጎድልበት ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን እንግሊዛዊው ሃሮልድ ዋግስታፍ ነው፤ ዘመኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ዋግስታፍ በ1891 ዓ.ም. በዮርክሻየር፣ በሆልምፈርዝ ተወለደ። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች፣ ተጫዋቾቻቸው ሥራ ፈትተው ሲጫወቱ የሚቀርባቸውን ደመወዝ መተካት ስለ ተከለከሉ፣ በ1895 ዓ.ም. ከራግቢ ማኅበር ተለይተው ኋላ ራግቢ ሊግ የተባለውን ጨዋታ መሥርተው ነበር። ዋግስታፍም ገና በ15 ዓመቱ፣ በ1906 ዓ.ም. ከሃደርስፊልድ ክለብ ገባ።

በ1914 ዓ.ም. የብሪታንያ ቡድን አምበል ሆኖ ወደ አውስትራልያ ተሻገረ። ጁላይ 4 ቀን በሲድኒ የተደረገው ግጥሚያ በስምንት ቀን ውስጥ ሦስተኛው ነበር። ከተሰለፉት 13 ተጫዋቾች አንዳንዶቹ ተጎድተው ወጡ፤ ተተኪ ማስገባትም በዚያ ዘመን አይፈቀድም ነበርና፣ በአንድ ወቅት በሜዳው የቀሩት አሥር ብቻ ሆኑ። የቀሩትም የወጡትን ድርሻ ጨምረው ተሸክመው 14 ለ 6 አሸነፉ።

ግጥሚያው በ1879 ዓ.ም. በዙሉ ጦርነት ጊዜ በሮርክስ ድሪፍት በተደረገው ውጊያ ስም ተጠራ። እኛ ግን ንጽጽሩን አንወደውም፤ የዙሉ ሰዎች በዚያ ጦርነት የሞቱት ስለ አገራቸው ነውና፣ ደም ከጨዋታ ጋር አይመዘንም።

ዋግስታፍ በ1939 ዓ.ም. በ48 ዓመቱ ዐረፈ። ዕድሜው አጭር ቢሆንም፣ በጎደለ ሰው ሙሉ ሥራ መሥራት እንደሚቻል አሳይቶ አልፏል።